ድሬ ላይ ባሏ የሚመታት ሴት የት ትሂድ? ያየናቸውን በሮች ልገምግምላችሁ

ሰው ስለ ጁስ ቤት ይጽፋል። ስለ ፀጉር ቤት፣ ስለ ሞባይል ጠጋኝ፣ ቀፊራ ውስጥ ማን ቅመም በርካሽ እንደሚሸጥ ሳይቀር ይጽፋል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ስለምትሄድባቸው ቢሮዎች ግን ግምገማ የጻፈ ሰው አላየሁም። አይገርምም። ተጠቅማ ያየችው ስሟ እንዲነሳ አትፈልግም። ያላየችው ደግሞ የምትለው የላትም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ ምን ይዛ እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምትጠይቅ፣ የቱ ክፍል እንደሆነ ሳታውቅ ነው በሩ ላይ የምትቆመው። አብዛኛዋማ በሩ ጋም አትደርስም።

ይህን ዝም ብዬ አላልኩም። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። 66 በመቶው እርዳታም አልጠየቁ፣ ለማንም አልተነፈሱ። ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው።

የምጽፈው የሰፈሬን ልጅ ይዤ ስለዞርኩባቸው ቦታዎች ነው። እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት። ጽሑፉን አንብባ «አውጪው» ብላኛለች። እሷን የሚያሳውቅ ነገር በሙሉ ሰርዣለሁ፣ አንዳንዱንም ቀይሬዋለሁ። የምወቅሳቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ሠራተኛ ይቀያየራል፣ ዛሬ ያመናጨቀን ነገ ሌላ ቦታ ይመደባል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዲት ሴት ይህን አንብባ «እዚያማ አልሄድም» ብላ ቤቷ እንድትቀር አልፈልግም። መጥፎ አስተናጋጅ ያለበት ቢሮም ቢሆን ፋይል ይከፍታል።

የምመዝንበት ነገር አንድ ነው። ስትገቢ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ምንድነው? «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ካሉሽ ጥሩ ቦታ ገብተሻል። «ምን አድርገሽው ነው?» ካሉሽ፣ ትዕግሥትሽን ያዢና ሌላ ሰው ጠይቂ። ወንበሩ፣ ቀለሙ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተር ምንም አይነግርሽም። ፖስተርማ በኅዳር ይበዛል። ነጭ ሪባን ይታሰራል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ቲሸርት ይታደላል። ታኅሣሥ ሲገባ ሪባኑ ይፈታል።

ከሽማግሌ ልጀምር። አዎ፣ ሽማግሌም አገልግሎት ነው። እንደውም በከተማው ብዙ ደንበኛ ያለው አገልግሎት እሱ ነው። ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ወረፋ የለውም፣ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ያውቃል። በዚህ በኩል የመንግሥት ቢሮ አጠገቡም አይደርስ። ገንደ ቆሬም ሂዱ፣ መጋላም ሂዱ፣ ሳቢያንም ሂዱ፣ ባልና ሚስት ተጣሉ ከተባለ ከፖሊስ ቀድሞ የሚደርሰው ሽማግሌ ነው።

ችግሩ የሚሰጠው አገልግሎት አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው። ዕርቅ። ጥርስ ቢወልቅም ዕርቅ፣ እጅ ቢሰበርም ዕርቅ። እኛ ጋ የመጡት የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። ሻይ ጠጡ፣ ልጆቹን ሳሙ፣ ባልየውን ገሰጹት፣ እሷን «አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ» አሏት፣ አስማሟቸው፣ መረቁ፣ ሄዱ። ጥፋትና ቅጣት ለሁለት ተካፈለ። አንዷ የተመታች፣ አንዱ የመታ፣ ግን ተግሣጹ እኩል። ደግሞም ማንም ሳምንቱን ተመልሶ «እንዴት ሆናችሁ?» አላለም። የተሸጠ ዕቃ እንኳ ዋስትና አለው።

አንዱ አዛውንት ግን ከሌሎቹ ይለያሉ። በሁለተኛው ጊዜ ሲጠሩ መጥተው ፊቷን አዩ፣ ከዚያ በኋላ ሻዩንም አልቀመሱት። «ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ደም ያለበትን ሕግ ይየው» ብለው ተነሡ። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ «እኔ ሳስታርቅ ቆይቼ አንድ ቀን ለቀብሯ አልመጣም» አሉ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ከአምስት አምስት ነው። በየሰፈሩ አንድ ይስጠን።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሰው ፍቺ በሽማግሌ ካላለፈ ፍርድ ቤት አይቀበልም ብሎ ያምናል። ድሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤተዘመድ ሽምግልና የሚባለው ነበር የፍቺን ነገር የሚያየው። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወጣ በኋላ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ይሄው ሕግ ነው እዚህም የሚሠራው። ሽማግሌ ከፈለጋችሁ ጥሩ፣ ካልፈለጋችሁ ማንም አያስገድዳችሁም።

ወደ ፖሊስ እንሂድ። እዚህ ሁለት ግምገማ ነው ያለኝ፣ ምክንያቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የተለያየ አገር አለ።

የመጀመሪያው ማታ ያገኘነው ተረኛ ነው። እሷ በድሪያና በነጠላ ጫማ ነው የወጣችው፣ ሻሿ እንኳ በአንድ በኩል ወድቋል። ተረኛው ከወንበሩ ሳይነሳ «ባልሽ ነው?» አላት። አዎ አለችው። «ታዲያ ሽማግሌ ልከሻል?» እኔ ጣልቃ ስገባ «እትዬ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለኝ። ጎረቤት ነኝ ስለው ደግሞ «የሰው ትዳር ውስጥ ጎረቤት አይገባም» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ስለሰጠኝ አመስግኜ ቁጭ አልኩ። አልተነሣንም። ጠዋት ኑ ቢልም እዚያው አግዳሚው ላይ ቆየን፤ ቢያንስ እዚያ ሆኖ ማንም አይመታትም። አንድ ኮከብ፣ እሱም ለአግዳሚው።

ሁለተኛው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳዮችን የምታየው መርማሪ ናት። ጠዋት መጣች፣ ገና ልጅ ናት፣ ዩኒፎርሟ ሰፍቷታል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ቁርስ በልታችኋል?» አለች። ከዚያ «ልጆቹ አሁን ማን ጋ ናቸው?» ከዚያ «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» ወላሂ ቢሮውን ልስመው ነበር የፈለግኩት። በሩን ዘጋች፣ ወንድ ባልደረባዋን «ቆይተህ ና» አለችው፣ ቃሏን ቀስ ብላ ተቀበለቻት። ሲያለቅሱ ትጠብቃለች። የጻፈችውን መልሳ አነበበችላት። ይህን ልብ በሉ፣ ቃላችሁን ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። «ተገፋሁ» እና «በዱላ ተመታሁ» ዐቃቤ ሕግ ጋ ሲደርሱ በጣም ይለያያሉ።

እሷ ናት ሕጉን የነገረችን። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 አለ። በትዳር ጓደኛው ላይ ወይም ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብራው በምትኖር ሰው ላይ የኃይል ድርጊት ፈጽሞ በአካሏ ወይም በአእምሮዋ ጤና ላይ ጉዳት ያደረሰ፣ እንደ ማንኛውም ጉዳት አድራሽ በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይጠየቃል። ስለዚህ «የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለው ነገር ሕጉ ውስጥ የለም። የጋብቻ ወረቀት የለኝም ያለችም አትቀርም።

ግን አንድ ክፍተት አለ፣ እሱን ማወቅ ግድ ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ መንግሥት ራሱ ይከሳል፣ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ቀላል የሚባለው ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚያስከስሰው ተጎጂዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። ለአቤቱታው ደግሞ የሦስት ወር ጊዜ ነው ያለው። ሽማግሌዎች ለምን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚሯሯጡ አሁን ገባችሁ? «ፋይሉን አንሺ» የሚባለው ለዚህ ነው። አቤቱታዋን ካነሳች ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። መርማሪዋ «ማንሳት መብትሽ ነው፣ ግን ማንም አጠገብሽ ቆሞ እያየሽ አታንሺ፣ ብቻሽን መጥተሽ ንገሪኝ» አለቻት። ይሄ ምክር ብቻውን አምስት ኮከብ ነው።

እዚያው ለሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ ተጻፈልን። ይህን ቅደም ተከተል ያዙት። ፖሊስ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሐኪሙ ጉዳቱን መዝግቦ ማስረጃውን ይሰጣል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ግን ደብዳቤ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ግቡ፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል። ለአምቡላንስ 907 የቀይ መስቀል ቁጥር ነው።

ሆስፒታሉ። በየትኛው እንደሄድን አልጽፍም። ሐሳቡን ብቻ ላስረዳ። የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው ነገር ዓላማው ሴትዮዋ አንድ ክፍል ገብታ ሐኪምም፣ የሥነ ልቦና አማካሪም፣ ፖሊስም፣ ዐቃቤ ሕግም እዚያው እንድታገኝ ነው። ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ነው ብዙ ሰው የሚያውቀው። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተፈጠረም።

እኛ የገባንበት ውስጡ ድንቅ ነው። ነርሷ ረጋ ያለች ናት፣ እያንዳንዱን ጠባሳ በሥዕል ላይ ምልክት እያደረገች መዘገበች፣ የቆየውን ሳይቀር። አሮጌው ቁስል መቁጠሩ ለምን እንደጠቀመ ኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ «አንድ ቀን ተናዶ ነው» የሚለውን የባልየውን ቃል ያፈረሰው እሱ ነው። ከአማካሪዋ ጋር ለብቻዋ ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች፣ ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነበር። ወሲባዊ ጥቃት ካለ ጊዜ ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ እርግዝና መከላከያው ደግሞ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፣ እስከ 120 ሰዓት ድረስ። ባልሽ ቢሆንም ሕክምናውን ታገኛለሽ። የወንጀል ሕጋችን መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ በሚል ነው፣ ያ የሕጉ ኀፍረት ነው። ነርሷን ግን አይመለከታትም። መድኃኒቱን ትሰጥሻለች።

ውጩ ግን! አቦ ማነው ያንን በር እዚያ ያደረገው? የክፍሉ ስም በትልቁ ተጽፏል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ለሌላ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቅ ሕዝብ የተደረደረበት አግዳሚ አለ። በዚያ በር የገባች ሴት ምን ሆና እንደገባች ግማሽ ድሬ ያውቃል። ይህች ከተማ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ከዚራ ላይ ያነጠሰ ሰው አሸዋ ላይ ይማርህ ይባላል። ግቢው በር ላይ የሚፈትሸው ዘበኛ ራሱ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ጎኑ ባጃጅ ነጂዎች ተቀምጠዋል። እሷ እዚያ ጋ ልትመለስ ነበር፤ እጇን ይዤ ነው ያስገባኋት።

ሌላው ቋንቋ ነው። ድሬ ውስጥ ሆኖ ይህን መርሳት ይቻላል? እኛ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር ልጅ መጣች። የሚያስተረጉም ሰው ሲጠፋ የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠርታ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ገባች። ጎበዝ ሴት ናት፣ ልጅቷም በእሷ ተረጋግታለች። ግን ይህን ሥራ እየሠራች የጽዳት ደመወዝ ነው የሚከፈላት፣ ምስጢር ስለመጠበቅ ያሠለጠናትም የለም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ የሚነገርባት ከተማ ውስጥ ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ የአገልግሎቱ ግማሽ ነው። ደግሞ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ይዘጋል፤ የድሬ ምሳ ሰዓት ደግሞ ረጅም ነው፣ ሙቀቱ ሲበርድ ነው ሰው የሚመለሰው። ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ለውስጡ አምስት፣ ለውጩ ሁለት።

የሕግ ድጋፍ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፣ መክፈል ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ያማክራል፣ አቤቱታ ይጽፋል፣ የስልክ መስመሩ 7711 ነው። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ሐረር ለምትኖሩ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅን ጠይቁ። ስትደውሉ ከራሳችሁ ስልክ ባይሆን ይመረጣል። የሚጠራጠር ባል የመጀመሪያ ሥራው የጥሪ ዝርዝር ማየት ነው። ከጎረቤት ደውሉ፣ ከሱቅ ደውሉ።

እኛን የረዳችን ጠበቃ ወጣት ናት፣ ቢሮዋ ውስጥ አንዲት ቬንቲሌተር ብቻ አለች፣ እሷንም ወደ ባለጉዳይ ነው የምታዞራት። አንዷ ስህተት ብዙ ሴት እንደምታስር የነገረችን እሷ ናት። «ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ መብትሽ ይቀራል» የሚለው። ውሸት ነው። ሕይወቷን ለማዳን የወጣች ሴት የንብረት ድርሻዋ አይቀርም። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ሀብት በመርህ ደረጃ እኩል ነው የሚካፈለው፣ በማን ስም ነው የሚለው ብቻውን አይወስንም።

ለፍቺ ደግሞ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም። ፍርድ ቤቱ ለማስማማት ሊሞክር ይችላል፣ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፣ ግን አልፈልግም ካልሽ አልፈልግም ነው። ከሁሉም የጠቀመን የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ነው። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከቤት ይውጣ ሲልም የልጆቹን ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ማየት አለበት። ማለትም ሁሌ የምትወጣው ሚስት አይደለችም። ይህን ለስንት ሴት እንደነገርኩ አላውቅም፣ አንዷም ሰምታው አታውቅም ነበር።

ጎደሎውን ደግሞ ልናገር። አገራችን በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ብቻ የወጣ ራሱን የቻለ ሕግ የላትም። «ወደዚህ ሰፈር እንዳትደርስ፣ እንዳትደውልላት» የሚል የጥበቃ ትእዛዝ በቀላሉ ጠይቆ ማውጣት የሚባል መንገድ የለም። ፍቺ የማትፈልግ፣ እንዲታሰርም የማትፈልግ፣ ዱላው ብቻ እንዲቆምላት የምትፈልግ ሴት አለች፤ ብዙ ናት። ለሷ ሕጉ የሚሰጣት ነገር ቀጭን ነው። ጠበቃዋም ይህን አልሸፈነችም፣ ወደድኳት።

ሙስሊም እህቶች፣ ይቺን አንብቡ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው። በዚያ መዳኘት ከፈለግሽ መብትሽ ነው፣ ካልፈለግሽ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። ግን መጥሪያ ደርሶሽ ዝም ብለሽ ከቀረሽ እንደተስማማሽ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ባትስማሚም ሂጂ፣ ቀርበሽ «አልስማማም» በይ። የጋብቻ ወረቀት የሌላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁ በምስክር ይረጋገጣል። ሳይጋቡ አብረው የኖሩም ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው።

መጠለያው። የት እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። ስሙንም ከተማውንም አልጽፍም፣ ድሬ እንዳልሆነ ብቻ እወቁ። እዚህ አገር መጠለያ የሚባለውን ነገር ያስለመደው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ነው፣ የቀድሞ ዳኛዋ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት፤ ሌሎችም አሉ። ወደ መጠለያ የሚወስደው መንገድ በአብዛኛው በፖሊስ ወይም በሴቶችና ሕፃናት ቢሮ በሚጻፍ ደብዳቤ ነው፣ ዝም ብሎ በር አይንኳኳም። መንኳኳት የሌለበትም ለዚህ ነው፣ አንቺ በቀላሉ ካገኘሽው እሱም ያገኘዋል።

ስትገባ አልወደደችውም። ስልኳን ወሰዱባት፣ መውጣትና መግባት በፈቃድ ነው፣ የሚያስተኛቸው ክፍል በሰው የተሞላ ነው። «እስር ቤት ነው ያመጣሽኝ?» ብላ ልካብኛለች። ትልቁን ወንድ ልጅ ለመቀበልም አመነቱ፣ እሱ ነገር እስኪፈታ እናቲቱ ሆዷ ታሞ ነበር። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፤ የአሥራዎቹ ልጅ ያላት እናት ልጇን ትታ አትሄድም፣ እና ስንቷ በዚህ ምክንያት ትመለሳለች? ከዚህ ውጭ ግን ምግቡ ጥሩ ነው፣ ልጆቹን ከትምህርት ለማገናኘት ይሞክራሉ፣ አማካሪ አለ፣ ጠበቃ ይመጣል፣ ሙያ ያስተምራሉ። ከሁሉም በላይ ማታ ማታ ትተኛለች። መተኛት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልተደበደበ ሰው አያውቀውም፣ እኔም አላውቀውም፣ የነገረችኝን ነው የምጽፈው።

ደካማው ከመጠለያው በኋላ ያለው ነው። ሙያ ተምራ ወጣች፣ እሺ፣ ከዚያስ? ቤት ኪራይ ድሬ ላይ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አከራይ «ባልሽ የት ነው?» ይላል። መነሻ ገንዘብ፣ የሥራ ቦታ፣ የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። እዚህ ጋ ሁሉም ቢሮ «ተጨርሷል» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ለመጠለያው አራት እሰጣለሁ፣ ለቀጣዩ ግን ኮከብ ልስጥ ብል የምሰጠው አካል የለም።

አሁን ደህና ናት። ትንሽ ነገር ትሸጣለች፣ ልጆቹ አብረዋት ናቸው፣ የንብረቱ ክርክር አላለቀም።

ለሚያስፈልጋት ጥቂት ነገር ልበልና ላብቃ። ነገሩ ሳይብስ በፊት ወረቀቶችሽን ከቤት አውጪ፤ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ውል። የምታምኛት ሴት ጋ አስቀምጪ። ሁሉንም ማውጣት ካልቻልሽ ፎቶ አንሥተሽ ለሷ ላኪና ከስልክሽ አጥፊ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርሽን ቀይሪ። ቁስል ካለ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ፣ ፊትሽ ከቁስሉ ጋር የሚታይበት አንድ ይኑር። ብቻሽን አትሂጂ፣ ግን በጣም የሚናገር ሰውም ይዘሽ አትሂጂ፣ ተረኛ ፖሊስ ጋ እኔ ትንሽ ያበዛሁት ይመስለኛል።

ሆስፒታል በር ላይ ደግሞ ዘበኛው «ምን ሆነሽ ነው?» ካለሽ «ካርድ ክፍል ነኝ» በይውና እለፊ። ውስጥ ገብተሽ ሴት ነርስ ፈልጊ፣ ጠጋ ብለሽ የሴቶች ጥቃት ክፍሉን ጠይቂያት። ይዛሽ ትሄዳለች።